የታናሽ ወንድምን እጅ ይዞ መሸሸግ፦ «ኤ ፕሌግ ቴል፦ ኢኖሰንስ» በመጀመሪያ እይታ

ተሸሽጎ ማለፍን ዋና ሥራቸው ያደረጉ የቪዲዮ ጨዋታዎች ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ባለታሪክ ሲያቀርቡልን ኖረዋል። ይህ ባለታሪክ በጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አቅም አንሶት ሳይሆን ሙያው ስለሆነ ነው። በ1987 በወጣው «ሜታል ጊር» የሠለጠነ ወታደር ነበር፤ በ1998 በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው በወጡት «ቲፍ»፣ «ቴንቹ» እና «ሜታል ጊር ሶሊድ» ሌባ፣ ኒንጃ እና ኮማንዶ ሆኖ መጣ፤ በ2007 ደግሞ «አሳሲንስ ክሪድ» በ1191 በመስቀል ጦርነት መካከል ወደሚንቀሳቀስ ነፍሰ ገዳይ ለወጠው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ጥላ እንደ ሰይፍ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ የሚደበቀው ለማደን ነው፤ ጠባቂዎቹ የቱንም ያህል ቢበዙ በመጨረሻ የሚታደኑት እነርሱ ናቸው።

«ኤ ፕሌግ ቴል፦ ኢኖሰንስ» የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። የሚደበቀው ሰው በእውነት ደካማ ከሆነ፣ በዚያ ላይም ከራሱ ይልቅ ደካማ የሆነ ሌላ ሰው በእጁ ከያዘ፣ መሸሸግ ምን ዓይነት ነገር ይሆናል? ጨዋታውን የሠራው በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የሚገኘው አሶቦ ስቱዲዮ ነው፤ ፎከስ ሆም ኢንተራክቲቭ አሳትሞት በግንቦት 2019 ለኮምፒውተር፣ ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ቀረበ። እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩበት፤ ይህን የምጽፈውም ከአሥራ ሰባቱ ምዕራፎች የመጀመሪያዎቹን አምስቱን እንደጨረስኩ ነው። ስለ ጠቅላላው ታሪክ ፍርድ ለመስጠት ገና ነው። ነገር ግን ጨዋታው ተጫዋቹን በምን መንገድ እንደሚይዝ፣ የት ላይ እንደሚበረታና የት ላይ እንደሚላላ ለማየት አምስቱ ምዕራፎች በቂ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በኅዳር 1348፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በጊየን ምድር ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ አሚሲያ ደ ሩን የመኳንንት ልጅ ናት፤ ከአባቷ ከሮበርና ሊዮን ከተባለው ውሻዋ ጋር ቅጠሉ በረገፈ ጫካ ውስጥ ለአደን ወጥታለች። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሆን ተብሎ እንዲረጋጉ ተደርገዋል። አባቷ ፖም በወንጭፍ እንድትመታ ይፈትናታል፤ ተጫዋቹም በዚያው የወንጭፉን አያያዝ ይማራል፤ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ፍቅርም ብዙ ሳይነገር ይታያል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ውሻው ከርከሮ ተከትሎ ከዓይን ይሰወራል፤ ሲገኝም ከመሬት በታች ያለ፣ ገና ስም ያልወጣለት ነገር ጎትቶ ይውጠዋል። አባትና ልጅ ወደ ቤት ሲመለሱ የኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም የመናፍቃን መርማሪ ችሎት ወታደሮች ግቢውን ይወርራሉ። አባቷን በፊቷ ይገድሉባታል፤ እናቷ ቤያትሪስ ደግሞ የአምስት ዓመቱን ሁጎን አደራ ትሰጣትና ሎሬንሺየስ ወደሚባል ሐኪም እንድታደርሰው ትነግራታለች።

እዚህ ላይ የጨዋታው ደራሲዎች ያደረጉት ምርጫ በጣም ብልህ ነው። ሁጎ ምንነቱ ባልታወቀ ሕመም ምክንያት ከሰው ተለይቶ በክፍሉ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። እናቱ መድኃኒት ስትፈልግለት ዓመታቱን አሳልፋለች፤ አሚሲያ ግን አንድ ግቢ ውስጥ እየኖረች ወንድሟን በቅጡ አታውቀውም፤ እናቷን ስለወሰደባትም ቅሬታ በውስጧ አለ። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ልጁን የሚያውቀው እኅቱ በምታውቀው ፍጥነት ነው። ፍቅራቸው ቀድሞ የተሠራና እንድናምነው የምንጠየቀው ነገር አይደለም፤ እየፈራ፣ እያለቀሰ፣ አንዳንዴም እልህ እየተጋባ በመንገድ ላይ ሲሠራ እናየዋለን።

ይህ ፍቅር በቃል ብቻ ቢነገር ኖሮ ከብዙ ጨዋታዎች የማይለይ በሆነ ነበር። የሚለየው ወደ ጣት መውረዱ ነው። አሚሲያ የሁጎን እጅ ይዛ ትሄዳለች፤ ተጫዋቹ በአንድ አዝራር እጁን ሊለቅቀውና ባለበት እንዲጠብቅ ሊያዝዘው፣ ተመልሶም ሊይዘው ይችላል። ከእርሱ ርቃ በሄደች ቁጥር ልጁ ይጨነቃል፤ ብዙ ከራቀች ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወታደሮቹን ይጠራል። ይህ ቀላል ሕግ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጥያቄ ያስቀምጣል። ድንጋይ ለማንሳት እስከዚያ ማዕዘን ድረስ ብቻዬን ልሂድ ወይስ ይዤው ልሂድ? ብቻዬን ብሄድ ፈጣን ነኝ፤ ግን ከኋላዬ የቀረው ትንፋሽ ይሰማኛል። ይዤው ብሄድ ሁለታችንም እንዘገያለን። በሌሎች ጨዋታዎች ውስጥ አብሮ የሚጓዝን ደካማ ሰው መጠበቅ ተጫዋቾች ከሚጠሉት ሥራ ሁሉ ግንባር ቀደሙ ነው፤ ያ ሰው መንገድ ይዘጋል፣ በማይገባ ጊዜ ይሮጣል፣ ሞቱም ሁልጊዜ የተጫዋቹ ጥፋት ይሆናል። እዚህ ግን ሸክሙ ራሱ ታሪኩ ስለሆነ፣ ሸክምነቱን ለመደበቅ የተደረገ ሙከራ የለም።

ይህ ሐሳብ የዘር ሐረግ አለው። በ2001 በወጣው «አይኮ» አንድ ልጅ አንዲትን ልጃገረድ እጇን ይዞ በሰፊ ግንብ ውስጥ ይመራት ነበር፤ እጅ መያዝን የጨዋታ ዋና ተግባር በማድረግ ብዙዎችን ያስተማረው እርሱ ነው። በ2013 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ደግሞ አንድን ጎልማሳና አንዲትን ልጅ በጥፋት ምድር ላይ አጓዘ፤ ነገር ግን ተጫዋቹ እንዳይበሳጭ ሲባል ልጅቷ በጠላት ፊት ብትሮጥ እንኳ ጠላት እንዳያያት ተደርጋ ነበር። ያ ውሳኔ ለጨዋታው ምቾት ጠቃሚ ነው፤ ለእውነትነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አሶቦ ከሁለቱ መካከል የራሱን መንገድ ፈለገ። ሁጎ በእጅ እስከተያዘ ድረስ ከእኅቱ ጋር እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል፤ ሲለቀቅ ግን ፍርሃቱ የራሱ ነው። ትንሽነቱም ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ አሚሲያ በማትገባበት ቀዳዳ ሾልኮ ከውስጥ በር የሚከፍተው እርሱ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያዝዘው ሰው በውጭ ቀርቶ የሚጨነቀው ይሆናል፤ ልጁ ለጥቂት ሰከንዶች ከዓይን ሲርቅ የሚሰማው ስጋት በምንም ዓይነት ድራማዊ ንግግር የሚተካ አይመስለኝም።

ወንጭፉም እንዲሁ የታሰበበት መሣሪያ ነው። ወንጭፍ የእረኛ መሣሪያ ነው፤ ብላቴናው ዳዊት ጎልያድን የጣለበት ስለሆነም ደካማ በብርቱ ላይ የሚያነሣው ነገር ሆኖ በሰው አእምሮ ውስጥ ተቀምጧል። በጨዋታው ውስጥ ግን ምቹ አይደለም። ለመወርወር ማሽከርከር ያስፈልጋል፤ ሲሽከረከርም ድምፅ ያሰማል፣ በቅርብ ያለ ጠባቂም ይሰማዋል። የራስ ቁር ያላደረገውን ወታደር አንድ ድንጋይ ይጥለዋል፤ ያደረገውን ግን አይነካውም። ከተጋለጠች ደግሞ አሚሲያ በአንድ ምት ትሞታለች። ስለዚህ ድንጋይ በአብዛኛው የሚወረወረው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ብረት ሣጥን ወይም ወደ ሰንሰለት ነው፤ ጠባቂው ድምፁን ተከትሎ ሲሄድ ሁለቱ ልጆች በረጃጅም ሣር ውስጥ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። በእጅ የሚወረወር ሸክላም ለዚሁ ተግባር ይውላል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው በጥንቃቄ የተሠራ፣ ግን በአፈጻጸሙ የታወቀ የመሸሸግ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አይጦቹ ከመሬት ሲፈልቁ ነገሩ ይለወጣል። ስቱዲዮው በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 የሚደርሱ አይጦችን በስክሪን ላይ የሚያንቀሳቅስ ቴክኖሎጂ ለራሱ ሠርቷል፤ ውጤቱም አንድ በአንድ የሚታዩ እንስሳት ሳይሆን እንደ ጎርፍ የሚጎርፍ፣ ግድግዳ ሲገጥመው የሚቆለል፣ ዓይኑ ብቻ የሚያበራ ጥቁር ነገር ነው። ይህ ጎርፍ የሚፈራው ብርሃንን ብቻ ነው። ችቦ ይዞ የቆመ ሰው ዙሪያውን ክብ መሬት ያገኛል፤ ከዚያ ክብ አንድ እርምጃ የወጣ ሰው ግን በሰከንዶች ውስጥ አጥንቱ ይቀራል። አሚሲያ የምታገኘው ብርሃን ደግሞ የሚያልቅ ነው፤ በእሳት የተለኮሰ ጭራሮ ከአንዱ ማንደጃ ወደ ሌላው ለመድረስ ብቻ የሚበቃ ዕድሜ አለው። ነበልባሉ እየሳሳ፣ ክቡም እየጠበበ ሲመጣ ሁጎ እጇን አጥብቆ ይይዛል፤ ተጫዋቹም ሳያስበው ትንፋሹን ያምቃል።

ጨዋታው ለዘርፉ ያመጣው ትልቁ ነገር በእኔ እይታ ይህ ነው። ከ«ቲፍ» ጀምሮ ብርሃን ጠላት ነበር፤ ዋናው ሌባ የውኃ ቀስት እየወረወረ ችቦዎችን ያጠፋ ነበር፤ ጨለማው በሰፋ ቁጥር እርሱ ይበረታ ነበር። በዘርፉ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ተጫዋች እጁ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። እዚህ ግን ያ ልማድ ይገድላል። ጥላው የተያዘ ነው። ልጆቹ ጠላት ካለበት መንደር ሸሽተው ወደ ጨለማ ሲገቡ ጨለማው አይቀበላቸውም፤ ከአይጦች ሸሽተው ወደ ብርሃን ሲወጡ በብርሃኑ ዙሪያ ወታደሮች ቆመዋል። ሁለት ዓይነት ሞት በሁለት በኩል ተቀምጦ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ ሲቀር፣ መሸሸግ ብልጠት መሆኑ ቀርቶ መኖሪያ ይሆናል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ፋኖስ የያዘ ጠባቂ በአይጦች ተከቦ ሲቆም፣ ፋኖሱን በድንጋይ መስበር እርሱን መግደል ነው። ቢላዋ አልተመዘዘም፤ ብርሃን ብቻ ጠፋ። ጨዋታው ይህን ዘዴ ሲያስተምር ምቾት አይሰጥም፤ የሰውየው ጩኸት ከሚፈለገው በላይ ይረዝማል።

ስለ አይጦቹ አንድ ታሪካዊ ነጥብ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ጨዋታው በዘመኑ ላይ የሚሠራው ለውጥ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ጥቁሩ ሞት የተባለው ቸነፈር በ1347 በመርከቦች ወደ ሲሲሊዋ ሜሲና ደርሶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ማርሴይ ገባ፤ በ1348 በጋ ላይ ደግሞ ቦርዶን መታ። የእንግሊዙ ንጉሥ የኤድዋርድ ሦስተኛ ልጅ ጆአን ወደ ካስቲል ለሠርጓ ስትጓዝ በዚያው ዓመት የሞተችው በዚህ በሽታ ነው። የጨዋታው መነሻ ጊዜና ቦታ ስለዚህ ከታሪክ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የነበረ ሰው በሽታውን ከአይጥ ጋር አላያያዘውም። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሊቃውንት በጥቅምት 1348 ባቀረቡት ጽሑፍ መንሥኤውን በ1345 ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ በሰማይ በአንድ ቦታ መገናኘታቸውና አየሩ በዚያ መበከሉ ነው አሉ። በፈረንሳይ አቪኞን ከተማ የነበሩት የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ስድስተኛ አየሩን ለማጥራት በሁለት እሳቶች መካከል ይቀመጡ እንደነበር ይነገራል። የበሽታውን ተህዋስ አሌክሳንደር የርሰን በሆንግ ኮንግ ያገኘው በ1894 ነው፤ ፖል ሉዊ ሲሞን ደግሞ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያደርሰው ቁንጫ መሆኑን ያሳየው በ1898 ነው። በቅርብ ዓመታትም በመካከለኛው ዘመን ወረርሽኝ ውስጥ ከአይጥ ቁንጫ ይልቅ የሰው ቁንጫና ቅማል የበለጠ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ።

እንግዲህ በስክሪኑ ላይ የሚጎርፉት አይጦች የ1348 ሰዎች ፍርሃት አይደሉም፤ ስለ 1348 የምናውቀው እውቀት በእኛ ዘንድ የወለደው ፍርሃት ናቸው። ይህን እንደ ስሕተት አልቆጥረውም። የማይታይ ተህዋስን በጨዋታ ማሳየት ከባድ ነው፤ አሶቦ ለማይታየው ሞት አካል ሰጠው፣ ያ አካልም እንደ በሽታው ራሱ ከመሬት ሥር ይመጣል፣ ሀብታምና ድኻ አይለይም፣ አንድን መንደር በአንድ ሌሊት ባዶ ያደርጋል። በአንጻሩ ጳጳሱን በሁለት እሳት መካከል ያስቀመጠው ያ እምነት በጨዋታው ውስጥ በቀጥታ እውነት ሆኖ መገኘቱ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው፤ በዚህ ምድር ላይ እሳት በእርግጥ ያድናል።

የዘመኑ ሰዎች በእውነት የፈሩትን ለማየት ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ መመለስ ያስፈልጋል፤ ለእኔም እስካሁን ከተጫወትኩት ሁሉ የሚያስጨንቀው እርሱ ነው። ልጆቹ ወደ አንድ መንደር ይደርሳሉ። በሮቹ ላይ ነጭ ምልክት አለ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ የሚያንኳኩበት ሁሉ አይከፍትም። ከዚያ ነዋሪዎቹ ያዩአቸዋል፤ እንግዶች ስለሆኑ ብቻ በሽታውን ያመጡት እነርሱ ናቸው ብለው በችቦና በመንሽ ያሳድዷቸዋል። ይህ ከታሪክ የራቀ አይደለም። በ1348 በናርቦን ለማኞችና መንገደኞች ውኃ መርዘዋል ተብለው ተገድለዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በብዙ ከተሞች ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው የተከሰሱት አይሁድ ነበሩ፤ በየካቲት 1349 በስትራስቡርግ ብዙ አይሁድ በእሳት ተቃጥለዋል፣ ይህም የሆነው ጳጳስ ቀሌምንጦስ በ1348 ክሱ ሐሰት መሆኑን በደብዳቤ ካወጁ በኋላ ነው። በተጫወትኳቸው ምዕራፎች ውስጥ ስለ አይሁድ መከራ አንዳች አላየሁም፤ የስደቱ ቅርጽ ተወስዶ በሁለት የመኳንንት ልጆች ላይ ተጭኗል። ደራሲዎቹ ታሪካቸውን በአንድ ቤተሰብ ላይ ለመወሰን መብት አላቸው፤ ነገር ግን የመንደሩ ትዕይንት ይህን ያህል ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ያ ክፍተት ይሰማኛል፤ ቢያንስ በአንድ መንገደኛ አፍ ቢነሣ ኖሮ ዘመኑ የበለጠ ሙሉ በሆነ ነበር።

መርማሪ ችሎቱም በብዙ ተቀይሯል። በእውነተኛው አሥራ አራተኛ ክፍለ ዘመን የኢንኩዊዚሽን መርማሪዎች በአብዛኛው ዶሚኒካን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት ነበሩ፤ የሚሠሩት በጥያቄ፣ በመዝገብና በፍርድ ነበር፣ ቅጣቱንም የሚፈጽመው ዓለማዊው ባለ ሥልጣን ነበር። በጨዋታው ውስጥ ግን ሎርድ ኒኮላስ በተባለ የጦር አለቃ የሚመራ፣ ብረት የለበሰ ሠራዊት ነው። ጦርነቱም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተደረገው የመቶ ዓመቱ ጦርነት በ1337 ተጀምሮ ነበር፤ የክሬሲ ውጊያ በ1346 ተካሂዷል፤ በ1347 የፈረንሳይዋ ወደብ ካሌ ለእንግሊዝ እጅ ከሰጠች በኋላ ግን የተኩስ ማቆም ስምምነት ስለነበር ጨዋታው የሚያሳየው ግዙፍ የውጊያ ሜዳ ለዚያ ወር የተፈጠረ ነው። ይህን የምጠቅሰው ጨዋታውን በታሪክ መጽሐፍ መለኪያ ለመክሰስ አይደለም፤ ወጣት ተጫዋቾች ስለዚያ ዘመን የመጀመሪያውን ሥዕል ከዚህ ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ የት ላይ ታሪክ እንደሆነና የት ላይ ፈጠራ እንደሆነ ማወቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን ወደ ድክመቶቹ ልምጣ፤ ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያው ከጨዋታው ዋና ጥንካሬ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ስለሆነ ከሌሎቹ ይከብዳል። በመንደሩ ትዕይንት መጨረሻ አሚሲያ ኮንራድ ከተባለ ሰው ጋር ፊት ለፊት ትጋጠማለች፤ በድንጋይ መትታ ትገድለዋለች። የመጀመሪያ ግድያዋ ነው። ትንቀጠቀጣለች፣ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው ታጣለች፤ ትዕይንቱ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት በክብር ተሠርቷል። ይህ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ግን ጨዋታው ወታደሮችን በወንጭፍ እየጣለች እንድታልፍ ይፈቅዳል፤ ከዚያም ከፍ ሲል የወንጭፉን ፍጥነት በየሥራ ጠረጴዛው ላይ እንድታሻሽል ይጋብዛታል። ልቅሶዋ በታሪኩ ክፍል ይቀራል፤ እጇ በጨዋታው ክፍል ሥራውን ይቀጥላል። በታሪኩና በሕጎቹ መካከል ያለው ይህ መራራቅ በብዙ ጨዋታዎች ውስጥ ስላለ የለመድነው ነገር ነው፤ እዚህ የሚጎዳው ታሪኩና ሕጎቹ በእጅ መያዙ ላይ ያን ያህል ከተዋሐዱ በኋላ በመሆኑ ነው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሎሬንሺየስ ደቀ መዝሙር ሉካስ ተገናኝቶ የአልኬሚ ዕውቀቱን ሲያካፍል፣ በወንጭፍ የሚወረወሩ እሳት ለኳሽ ቅመሞች ይጨመራሉ። ቅመሞቹ እንቆቅልሾቹን ያበለጽጋሉ፤ ግን አሚሲያ በታጠቀች ቁጥር ያቺ በሣር ውስጥ ትንፋሿን የያዘችው ልጅ ትንሽ በትንሽ ትርቃለች ብዬ እሰጋለሁ።

ጠባቂዎቹ ደግሞ ብዙም ብልህ አይደሉም። በአንድ መስመር ተመላልሰው ይሄዳሉ፤ ባልደረባቸው ወድቆ ቢያገኙ ጥቂት ፈልገው ይረሳሉ። መንገዱም ጠባብ ነው፤ አብዛኛው እንቆቅልሽ አንድ መፍትሔ ብቻ አለው፣ መፍትሔው ያልታየው ተጫዋች ሞቶ ይማራል። የራሱን ዘዴ መፈልሰፍ የሚወድ ሰው እዚህ እጁ የታሰረ ይመስለዋል። እኔን ይህ ብዙ አላስከፋኝም፤ ለታሪኩ ፍጥነት ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው፣ ከሞት በኋላ ጨዋታው የሚቀጥልባቸው የማስቀመጫ ነጥቦችም ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ሞት ረጅም ድግግሞሽ አያስከትልም።

በአንጻሩ ድምፁን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ሙዚቃውን ያቀናበረው ኦሊቪየ ዴሪቪየር ነው፤ የገመድ መሣሪያዎቹ ሻካራ ናቸው፣ ቀስቱ ገመዱን ሲፍቀው ይሰማል፣ አይጦቹ ሲመጡም ሙዚቃውና የእንስሳቱ ጭጭታ አንዱ ከሌላው እስከማይለይ ይቀላቀላሉ። በእንግሊዝኛው ቅጂ ተዋንያኑ በፈረንሳይኛ ቅላጼ ይናገራሉ፤ በፈረንሳይኛው ሲደመጥ ግን ጸሎቱም፣ ስድቡም፣ የሁጎ ጥያቄም ከምድሩ የበቀለ ይመስላል፤ ንባብ የማይከብደው ተጫዋች ጽሑፉን እየተከተለ በዚያ ቋንቋ እንዲጫወት እመክራለሁ። ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በየምዕራፉ ሁጎ አበባ ያገኛል፤ ስለ አበባው ይናገራል፣ ለእኅቱም በፀጉሯ ላይ ይሰካላታል። አበባው ለመሻሻልም ለመግደልም አያገለግልም። ያም ሆኖ ከመንገዴ ወጥቼ የምፈልገው ነገር ቢኖር እርሱ ነው።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ዛሬ መኖሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በመቶ ሰዓት የሚቆጠሩ ሰፋፊ ዓለማትን በሚያሳትሙበት ዘመን፣ ይህ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚያልቅ፣ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተሠራ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ ነው። አሶቦ በ2002 ተመሥርቶ ለዓመታት በሌሎች ፊልሞች ላይ የተመሠረቱ ጨዋታዎችን በትእዛዝ ሲሠራ የኖረ ስቱዲዮ ነበር፤ የራሱን ታሪክ ለመናገር ሲነሣ የመረጠው የራሱን አካባቢ ምድር ነው። ተጫዋቾችም ምላሽ ሰጥተዋል፤ በ2020 የተሸጠው ቅጂ ከ1 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተገልጿል፤ በጥቅምት 2022 ተከታዩ «ኤ ፕሌግ ቴል፦ ረኩዊየም» ወጥቷል፤ በሰኔ 2025 ደግሞ በዚሁ ዓለም ላይ የሚመሠረት ሌላ ጨዋታ እየተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በ«ረኩዊየም» የአይጦቹ ቁጥር ወደ 300,000 ከፍ እንዳለ ስቱዲዮው ይናገራል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እጅ የመያዙ ነገር በዚያ ሁሉ አይጥ መካከል ቦታ ማግኘት አለማግኘቱ ነው።

ጨዋታውን ያቆምኩት በአምስተኛው ምዕራፍ ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች የተዋጉበት ሜዳ ላይ ነን፤ ሬሳው ከመብዛቱ የተነሣ የሚረገጥ መሬት የለም። ሌላ መንገድ ስለሌለ አሚሲያ ሁጎን ይዛ በሙታኑ ላይ ትራመዳለች። ጠባቂ የለም፣ አይጥም ገና አልወጣም፤ ወንጭፉ ሥራ የለውም፣ የሚፈታ እንቆቅልሽም አይታይም። ተጫዋቹ ማድረግ የሚችለው ወደፊት መግፋት ብቻ ነው። ልጁ ያለቅሳል፤ እርሷም በእያንዳንዱ እርምጃ ይቅርታ እየጠየቀች ከሥሯ ያለውን እንዳያይ ታባብለዋለች። እዚያ ሜዳ ላይ ከእጁ በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም፤ አዝራሩን ለመልቀቅም አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።